ከነፋስ ስልክ እስከ ገመድ አልባ

አንድ መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ ወይ ስሙን ይዞ ይገባል፤ ወይ ከገባ በኋላ ስም ይወጣለታል። በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በገለምሶና በበደሳ ለሚገኝ አንባቢ፣ ኮምፒዩተርን ያለ ሽቦ ከመረብ ጋር የሚያገናኘውን ትንሽ መሣሪያ መግለጫ በአማርኛ የሚያቀርብ ተርጓሚ የሚገጥመው የስያሜ ችግር ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ ያለው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ያን ታሪክ ለማመልከት እንሞክራለን።

እንደሚታወቀው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። የጨርጨር ደጋም በእነዚሁ ሁለት ከተሞች መካከል ይገኛል። «ስልክ» የሚለው ቃል መነሻው ዐረብኛ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ፍችው ክር ወይም ሽቦ ነው። ስለዚህ አማርኛ መሣሪያውን የጠራው በሽቦው ነው ማለት ነው። የጨርጨር ገበሬና ነጋዴ የሚናገረው ኦሮምኛ ግን «ቢልቢላ» ይለዋል፤ ቃሉ ደወል ማለት ስለሆነ ስያሜው ከድምፁ የተወሰደ ነው። አንዱ ያየውን፣ ሌላው የሰማውን ሰየመ።

ሽቦ የማያስፈልገው መገናኛ በመጣ ጊዜ ደግሞ «ነፋስ ስልክ» ተባለ። ጣቢያው የቆመበት የአዲስ አበባ ሰፈር እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። የሬዲዮ ሞገድ ነፋስም ሆነ አየር ስለማያሻው ስያሜው በፊዚክስ ረገድ ስሕተት ነው፤ ቢሆንም ማንንም አላሳሳተም። ውሎ አድሮ «ስልክ» የሽቦነት ትርጉሙን ጥሎ የመነጋገሪያው መሣሪያ ስም ብቻ ሆነ። ዐረብኛ ከዚያው ሥር «ላሲልኪ» (ሽቦ የሌለው) የሚል ቃል ሲያበጅ፣ አማርኛ «ስልክ አልባ» ሊል ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ «ስልክ የሌለው ሰው» ማለት ይሆንበታልና። ስለሆነም «ሽቦ አልባ» እና «ገመድ አልባ» ተተኩ።

ወደ ዛሬው መግለጫ እንመለስ። «ሞገድ»፣ «ድግግሞሽ» እና «አንቴና» ችግር የለባቸውም። «አዳፕተር» ግን በገበያ የኤሌክትሪክ ኃይል መለወጫው ስም ስለሆነ፣ «ገመድ አልባ አዳፕተር» ያለ ገመድ ባትሪ የሚሞላ ዕቃ ይመስላል። ከዚህ የሚከፋው ቻናልን «መስመር» ብሎ መተርጐም ነው። መስመር ከጎረቤቱ ተለይቶ የተዘረጋ ሽቦን ያሳስባል። በ2.4 ጊጋ ኸርትዝ ክልል ግን ተከታታይ ቻናሎች የሚራራቁት በ5 ሜጋ ኸርትዝ ብቻ ሲሆን፣ አንዱ ስርጭት 20 ሜጋ ኸርትዝ ያህል ስፋት ይይዛል። ስለዚህ 1ኛውና 2ኛው ይደራረባሉ፤ 1ኛው፣ 6ኛውና 11ኛው ግን አይነካኩም። በቃሉ የተመራ አንባቢ ከጎረቤቱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር መርጦ መገናኛው ለምን እንደሚታወክበት ሊገባው አይችልም።

ስለዚህ መሣሪያው «ገመድ አልባ የመረብ አገናኝ» ቢባል፣ «ቻናል» ደግሞ እንዳለ ቢወሰድ ይሻላል እንላለን። «ነፋስ ስልክ» ሳይንሱን ቢስትም ተጠቃሚውን አልሳተም፤ «መስመር» ግን ንጹሕ አማርኛ ሆኖ ሳለ ተጠቃሚውን ያስታል። ስያሜ መመዘን ያለበት በዚህ ነው።