ያልተወለደው ልጅና ሳንሱር

የሠዓሊው የማሌቪች «ጥቁር ካሬ» ማንንም አይሰድብም፤ በስታሊን ዘመን ግን እንደ እሱ ያለ ሥዕል ከሙዚየም ግድግዳ ወርዶ መጋዘን ገባ። እዚያ ቅርጽ ራሱ ወንጀል ነበር። እኛ ዘንድ የሆነው ሌላ ይመስለኛል። የጎጃሙ አቸፈር ያፈራው ደራሲ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አሳተመ፤ በማኅፀን ያለ ፅንስ ግፍ ወደሞላበት ዓለም አልወጣም ብሎ እናቱን ይሟገታል። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም ኋላ ወደ ጎሬ ተጋዘ። ሳንሱር ግን የእንግዳ ስልት ጠላት አልነበረም፤ በዚያው መንግሥት ረቂቅ ሥዕል የሚሥለው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1965 የኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀብሏል። ሳንሱሩን ያስደነገጠው የፅንሱ ክርክር ነው።

አቤን ከማሌቪች ጎን ሳቆመው «አቤ ሰባኪ እንጂ ምኑ አቫንጋርድ፣ ምኑ የአዲስ ስልት ፈር ቀዳጅ ነው?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ሩሲያዊው ገጣሚ ማያኮቭስኪ ስንኝ አይሰባበርም፣ ምክሩም አንዳንዴ ይበዛል። ነገር ግን ሰውየው ቅኔ የተማረ ነው፤ ጎጃም ደግሞ ነቀፌታን በሰም ሸፍኖ ሹም ፊት ማቅረብ ያውቅበታል። አቤ ያን መሸሸጊያ ትቶ ወርቁን ሜዳ ላይ አሰጣው። አዲስነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቅጣቱም የመጣው በዚሁ ነው። ደርግም መለኪያውን አልለወጠም፤ ግልጽ በሆነ የጋዜጠኛ አማርኛ የተጻፈው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. እንደወጣ ታገደ።