ዕድሜ ጠገብ

ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ውስጥ ለአንዲት ባልቴት ሸክሟን ብታወርጅላት ወይም ውኃ ብትቀጅላት ምርቃቷ ረጅም አይደለም፤ «ዕድሜ ይስጥሽ» ትልሻለች። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን የሚመርቅ ሽማግሌም «እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» ይላል። ሣራ ይስሐቅን የወለደችው በ90 ዓመቷ ነው። ስንመራረቅ የምንመኘው ማርጀትን ነው ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ንፋስ መውጫ ከተማ አንዲት ሱቅ ገብቼ ሻማ ስገዛ፣ ከሳሙናውና ከፀጉር ቅባቱ መካከል «አንቲ ኤጂንግ» የሚል ብልቃጥ ዐየሁ። ባለሱቋን ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት «እንዳታረጂ የሚያደርግ ነው» አለችኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትርቅም። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ አስራዋለች፤ ከጠርዙ ሥር ሽበቷ ብቅ ብሏል። ሻማዬን ይዤ ወጣሁ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ወጣ። በምርቃት የምንለምነውን ነገር በብልቃጥ የምንከላከለው ከሆነ፣ ከብልቃጡ ወዲያ ማዶ የሚቆመው ቃል በአማርኛ ምን ይባላል?

ፈረንጆቹ አንድ ቃል አግኝተውለታል፤ «ፕሮ ኤጂንግ» ይሉታል። «አንቲ» ፀረ ከሆነ «ፕሮ» ደግሞ ወገን መሆን ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዕድሜ በሽታ ስላልሆነ መድኃኒት አይፈለግለትም። ሽበትን ማቅለምም ሆነ አለማቅለም የሴቲቱ ፈቃድ እንጂ ከሰው ፊት ለመቅረብ የሚከፈል ዋጋ አይደለም። ራሷን የምትንከባከበውም የ20 ዓመት ልጅ ለመምሰል ሳይሆን 70 እና 80 ዓመቷን በደህና አካል ለመኖር ነው።

ቃሉ ባንድ ቀን አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ1969 ሮበርት በትለር የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ሰውን በዕድሜው ምክንያት መናቅና ማግለል እንደ ዘረኝነት ስም ያስፈልገዋል ብሎ «ኤጂዝም» አለው። በ1972 ደራሲዋ ሱዛን ሶንታግ ንቀቱ በወንድና በሴት ላይ እኩል እንደማይወድቅ ጻፈች። እንደ እሷ አባባል ለወንድ ሁለት ዓይነት ውበት ተፈቅዶለታል፤ የጎረምሳነትና የሙሉ ሰውነት። ለሴት የተፈቀደላት አንድ ብቻ ነው፤ የልጃገረድነት። በ2007 ዶቭ የተባለው የሳሙና ኩባንያ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ ሴቶችን በታዋቂዋ ፎቶ አንሺ በአኒ ሌይቦቪትዝ አስነሥቶ «ፕሮ ኤጅ» በሚል ስም ቅባት ሸጠ። በ2017 ደግሞ «አሉር» የተሰኘው የአሜሪካ የውበት መጽሔት «አንቲ ኤጂንግ» የሚለውን አነጋገር ከገጾቹ እንደሚያስወጣ አስታወቀ፤ የዚያ እትም ሽፋን ላይ የወጣችው ከ70 ዓመት ያለፈችው ተዋናይት ሄለን ሚረን ነበረች። ቃሉ እንዲስፋፋ ነጋዴ እንዳገዘው አልደብቅም። ይህን እያወቅሁም ቃሉ ያስፈልገናል ብዬ አምናለሁ።

የሚያስቸግረው ትርጉሙ ነው። «ደጋፊ እርጅና» ብንለው ማንም አይገባውም። «እርጅናን መቀበል» ይሻላል፤ ብዙ ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው። መቀበል ግን ሁለት መልክ አለው። እንግዳም ፍርድም ይቀበሉታል። «እርጅናዋን ተቀብላለች» ሲባል እኔ የሚሰማኝ ሁለተኛው ነው፤ «ምን ታደርግ» የሚለው ድምፅ አብሮት አለ።

ችግሩ ጠለቅ ሲባል ያለው «እርጅና» የሚለው ቃል ውስጥ ነው። በአማርኛ ጫማ ያረጃል፣ ልብስ ያረጃል፣ የቤት ክዳን ያረጃል። ያረጀ ዕቃ «አሮጌ» ነው፤ ያረጀች ሴት «አሮጊት» ናት። ወንዱስ? ወንዱ «ሽማግሌ» የሚል ቃል አለው። ሽማግሌ ያረጀ ሰው ብቻ አይደለም፤ አስታራቂ ነው፣ ዳኛ ነው፣ ደም የተቃቡትን አቀራርቦ ደም የሚያደርቅ ነው። «ሽምግልና» ዕድሜም ሥልጣንም ሆኖ ባንድ ቃል ተቀመጠ። ሴቲቱ 70 ዓመት ኖራ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው ስም ግን ከአሮጌው ጫማ ጋር የሚዛመደውን ነው። ሶንታግ በእንግሊዝኛ ድርሰት ጽፋ ያስረዳችውን እኛ በሁለት ቃል ስንናገረው ኖረናል።

ግዕዙ ከዚህ ይሻላል። «ልህቀ» አደገም ሸመገለም ማለት ነው፤ «ሊቅ» የሚለው የክብር ስማችን የወጣው ከዚሁ ሥር ነው። ዛሬ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራበት «አረጋውያን»ም ከግዕዝ የመጣ የተከበረ ቃል ነው። ሆኖም ለአዋጅና ለስብሰባ እንጂ ቡና ላይ ለሚቀመጡ ሴቶች የሚመች አይደለም። «እትየ፣ አረጋዊት ሆነሻል» የሚል ጋይንቴ አላጋጠመኝም።

ስለዚህ የምመርጠው ቤታችን ውስጥ ያለውን ነው፦ ዕድሜ ጠገብ። «ፕሮ ኤጂንግ»ን «ዕድሜ ጠገብነት» እንበለው።

ቃሉ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ አገልግሎቱ ነው። እስካሁን ዕድሜ ጠገብ የምንለው የቤተ ክርስቲያኑን ጽድ፣ ዋርካውን፣ የድንጋይ ድልድዩን ነው። ዕድሜ ጠገብ ዛፍ ሲባል «ግንዱ ተሸብሽቧል» ብሎ የሚያዝን የለም። ከሥሩ ተቀምጠን ቀና ብለን እናየዋለን። ምንጩም ሩቅ አይደለም። ኦሪት ስለ አብርሃም ሞት ሲናገር በመልካም ሽምግልና ዕድሜ ጠግቦ እንዳረፈ ይነግረናል፤ መጽሐፈ ኢዮብም ኢዮብን እንዲሁ ይሸኘዋል። ስለ ሣራ ግን ኦሪት 127 ዓመት መኖሯን ቆጥሮ ይነግረናል እንጂ መጥገቧን አይነግረንም። ይህን ልብ ያልኩት በቅርቡ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉን ለሣራ ልጆች የመስጠት ዕዳ ያለብን ይመስለኛል።

«ጠገበ» ስድብ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ዕድሜ ሲቀድመው ግን ስድብነቱ ይጠፋል። እንዲያውም በዚህ አገር መጥገብ ቀላል ቃል አይደለም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የ1977 ዓ.ም.ን ድርቅ ያየ፣ ከዚያም በኋላ ሴፍቲኔት የገባበት ምድር ነው። እዚህ አንዲት ሴት «ጠገብኩ» ስትል የተናገረችው ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜን ጠላት አድርጎ ከሚያስብ ቃል ይልቅ እንደ እንጀራ አድርጎ የሚያስብ ቃል ለእኛ ይቀርበናል።

ከተማ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ የታክሲ ረዳት አንዲትን የ50 ዓመት ሴት «እማማ፣ ጠጋ በይ» ሲላት ፊቷ ይለወጣል፤ «እህቴ» ቢላት ትመርጣለች። አልፈርድባትም። «እማማ» ገጠር ውስጥ ወንበር የሚያስለቅቅ ቃል ነበር፤ ከተማው ውስጥ ጊዜሽ አልፏል የሚል ሆኖ ይሰማታል። ሥራ ስትፈልግ ማስታወቂያው «መልከ መልካም» ይላታል። የድሮ ጓደኛዋ ስታገኛት ትልቁ ሙገሳ «ምንም አልተለወጥሽም» ነው። እነዚህን ቃላት ሁላችንም በደግ ልብ ነው የምንናገራቸው። እኔም ብዙ ጊዜ ብያቸዋለሁ።

በታሪካችን ግን የሴት ዕድሜ እንዲህ ጠቦ አልኖረም። ጎንደርን ያስተዳደረችው እቴጌ ምንትዋብ ሰው የጠራት በመልኳ ነው፤ ስሟ «ምንኛ ያማረች» ማለት ነው። ስሙ የወጣው በወጣትነቷ ቢሆንም ሥልጣኗ ከወጣትነቷ ጋር አላበቃም። እ.ኤ.አ. ከ1730 ጀምሮ በልጇ በኢያሱ፣ ቀጥሎም በልጅ ልጇ በኢዮአስ ዘመን አገር መራች። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲደርስ በቁስቋም ቤተ መንግሥቷ ያገኛት 60 ዓመት ያለፋት፣ ግን አሁንም ቃሏ የሚሰማ ሴት ነበረች። እቴጌ ጣይቱ ምኒልክን በ1875 ዓ.ም. ሲያገቡ 30 ዓመትን፣ አድዋ ሲዘምቱ 40ን አልፈው ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ የ68 ዓመት ሴት ነበሩ። አጭሩ ሽበታም ፀጉራቸው እንዳለ ፎቶአቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ስለ ሽበታቸው ንግግር ያደረጉበትን ጊዜ አላስታውስም፤ የወደድኩትም ይህንኑ ነው።

ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል ፎቶ ካነሣሁ፣ ስለ ሌላ ፎቶም ልናገር። የአማራ ክልል መሬት ሲመዘገብ በይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ እንዲለጠፍ ተደርጓል። ባሏ የሞተባት የጋይንት እማወራ መሬቷን ለእኩል አራሽ ስትሰጥ፣ ድንበር የገፋ ጎረቤት ስትከስ የምትይዘው ይህን ደብተር ነው። ፎቶው ላይ ያለው ፊት ፀሐይና ጭስ የሠራው ነው። ማንም አላስተካከለውም፤ እንዲያውም ከእሷ ጋር ካልተመሳሰለ አይጠቅማትም።

ስለ ፀሐይ ይህን ማወቅ ይበጃል። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ስለሚያታልለን እንጂ የደጋ ፀሐይ ከቆላው ይልቅ ቆዳ ይጎዳል፤ ማድያትንም ያባብሳል። የአክስቶቻችን ነጠላ፣ ጥላና ሻሽ ስለዚህ ከብዙ ቅባት ይበልጣል። በአንጻሩ ማድያት ለማጥፋትና ፊት ለማቅላት ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ፣ አንዳንዶቹ ስቴሮይድ አለባቸው። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሩን ያወጣል። ልጅ ለመምሰል የተገዛው ብልቃጥ ፊቷን ከዕድሜዋ በፊት ያስረጃታል። እህቶቼ ይህንን እንዲሰሙልኝ እፈልጋለሁ።

ስለ ዕድሜ የምናስበውም ሰውነታችን ውስጥ ይገባል። ቤካ ሌቪ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 660 ሰዎች ስለ ራሳቸው እርጅና ምን ያስቡ እንደነበር ከኖሩበት ዘመን ጋር አስተያዩት። ስለ እርጅናቸው መልካም የሚያስቡት ከሌሎቹ በአማካይ 7 ዓመት ተኩል የበለጠ ኖረዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከሁለት ሰው አንዱ በአረጋውያን ላይ የዕድሜ ንቀት እንዳለው ገልጿል። «ካረጁ አይበጁ» የምትለዋ ተረት ከአፋችን ስትወጣ ማን ላይ እንደምታርፍ አናይም፤ አብዛኛውን ጊዜ የምታርፈው ቤታችን ባለችው ሴት ላይ ነው።

ቃሉን ስንጠቀም ወሰኑንም ማወቅ አለብን። ዕድሜ ጠገብነት ሕመምን መቻል አይደለም። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አሮጊቶች ማተባቸው ላይ ከመስቀሉ ጋር ወረንጦ አንጠልጥለው ታይዋቸዋለሽ። ከተማ ውስጥ በወረንጦ ሽበት ይነቀላል፣ ቅንድብ ይስተካከላል። እዚህ ግን ብዙዎቹ የሚነቅሉት የገዛ ሽፋሽፍታቸውን ነው። ደቡብ ጎንደር ትራኮማ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከልጅነት ጀምሮ የሚመላለሰው የዐይን ማዝ የቆቡን ውስጥ ያጠባስለዋል፤ በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል፣ ሳይታከም ከቆየም ያሳውራል። ሴቶች ልጅ ሲያሳድጉ በሽታው ደጋግሞ ስለሚይዛቸው ከወንዶች ይበልጥ ይጠቁበታል።

አክስቴ ለዓመታት በወረንጦ ስትነቅል ኖራ «ምን ይደረግ፣ ዐይኔ አረጀ» ትል ነበር። ያረጀ ዐይን አልነበረም፤ የታመመ ዐይን ነበር። እሷም እኛም በሽታውን እርጅና ብለን ስለሰየምነው ሕክምና አልፈለግንለትም። የዐይን ቆብ ቀዶ ሕክምናው ረጅም ጊዜ አይፈጅም፤ የሠለጠነ ነርስ በማደንዘዣ ይሠራዋል። በመጨረሻ አክስቴም ተሠራላትና ዐይኗን ሸፍና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከሳምንታት በኋላ ሄጄ ስጠይቃት ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ፀጉሯ ነጭ ነው፤ ሻሿን ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። ወረንጦው አንገቷ ላይ እንዳለ ነው። የልጅ ልጇን እግር ይዛ እሾህ ታወጣበታለች።