ከጊሎ ዳር የሚወጣው መንገድ

በጋምቤላ ክልል አኝዋ ዞን ጎግ ወረዳ የምትገኘው ፑኝዶ የቆመችው በጊሎ ወንዝ አካባቢ ሲሆን፣ ወንዙ ወደ ፒቦር፣ ከዚያም በሶባት በኩል ወደ ነጭ አባይ ስለሚፈስ የአካባቢው ሰው ሩቅ አገር የሚያደርስ የውኃ መንገድ በደጁ ነበረው። አኝዋዎች በክረምት ከፍ ባለው መሬት፣ በበጋ ደግሞ ጎርፉ ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላና በቆሎ የሚዘሩ፣ ዓሣም የሚያጠምዱ ሕዝቦች ናቸው፤ ያንን ደለል በየዓመቱ መጠበቅና ማልማት ከቦታው ጋር ጽኑ ቁርኝት ፈጥሯል። የማኅበረሰቦችን ኑሮ ያጠና የነበረው እንግሊዛዊው ሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናት፣ ለአኝዋ ፖለቲካዊ ሕይወት መሠረቱ በኳሮ፣ ማለትም በመንደር አለቃ፣ የሚመራው መንደር መሆኑን አሳይቷል።

ይህ ቁርኝት ግን እግርን አላሰረም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ በክረምት የእንፋሎት መርከቦች የጋምቤላ ከተማን ከካርቱም ጋር ያገናኙ ነበር። ሆኖም መንገደኛ ሁሉ አገር ለማየት አይወጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ፑኝዶ ተጠልለው እ.ኤ.አ. በ1991 ጊሎን ተሻግረው ለመመለስ ተገደዋል፤ የፑኝዶ የስደተኞች መጠለያም እ.ኤ.አ. በ1993 ዳግም ተከፍቷል።