የዛሩ ጓዳ የማን ንብረት ነው?

የታሪክ ጸሐፍት የመንግሥታትን መነሣትና መውደቅ የሚተርኩልን ከአደባባይ፣ ከጦር ሜዳና ከዙፋን ችሎት ተነሥተው ነው። እኔ ግን የሥልጣንን ጠባይ ለመረዳት አንዳንድ ጊዜ ወደ ጓዳ መውረድ ይበጃል ባይ ነኝ። ለዚህም በምስክርነት የማቀርበው በክራይሚያ፣ ከያልታ ከተማ አጠገብ የሚገኘውን የማሳንድራን የወይን ጠጅ ማከማቻ ነው። (ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።)

ማከማቻው ከ1894 እስከ 1897 ባለው ጊዜ ለዛሩ ቤተሰብ የታነጸ ሲሆን፣ የወይን ጠጅ ሥራው መሪ ልዑል ሌቭ ጎሊትሲን ነበር። ተራራው ተፈልፍሎ ሰባት ዋሻዎች ወጡት፤ የእያንዳንዱም ርዝመት 150 ሜትር ገደማ ነው። ብልሃቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ወይን ጠጅ ለረጅም ዘመን እንዲቆይ የሚሻው ጨለማን፣ ጸጥታንና የማይዋዥቅ ቅዝቃዜን ነው። በዋሻው ውስጥ ክረምትም ሆነ በጋ ሙቀቱ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጸናል። ጠርሙሶቹ በጎናቸው የሚጋደሙት ደግሞ ቡሹ ርጥበቱን እንዲጠብቅና አየር እንዳያስገባ ነው።

የዛሩ ጓዳዎች ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ዕጣ አልገጠማቸውም። በ1917 ቦልሼቪኮች በፔትሮግራድ ሥልጣን ሲይዙ፣ የክረምቱ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ወይን ጠጅ ለአዲሶቹ ገዢዎች ፈተና ሆነባቸው። ከአብዮቱ መሪዎች አንዱ የነበረው አንቶኖቭ ኦቭሴየንኮ በማስታወሻው እንደሚተርከው፣ እንዲጠብቁ የተመደቡት ወታደሮች ሰከሩ፤ በእነርሱ ምትክ የመጡትም ሰከሩ። መግቢያው ቢታጠር በመስኮት ተገባ። ምድር ቤቱን በውኃ እንዲያጥለቀልቁ የተጠሩት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሳይቀሩ ሰከሩ! የትናንቱን ሥርዓት በጠመንጃ የገለበጠ ኃይል አንድ ጓዳ መጠበቅ ተሳነው።

ማሳንድራ ግን ተረፈ። ቀዩ ጦር በ1920 ክራይሚያን ከያዘ በኋላ ማከማቻው የመንግሥት ሆነ፤ ከዛሩ ሌሎች ቤተ መንግሥቶች የተሰበሰበ ወይን ጠጅም ታከለበት። በ1941 የጀርመን ጦር ሲቃረብ ክምችቱ ተጭኖ ሸሸ፤ ከጦርነቱ በኋላም ተመለሰ። የዛሩን ቤተሰብ በጥይት የፈጀ ሥርዓት የዛሩን ጠርሙሶች እንደ ዓይኑ ብሌን ጠበቀ። በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ማከማቻው የዩክሬን መንግሥት ንብረት ሆነ፤ በ2014 ሩሲያ ክራይሚያን በኃይል ስትይዝ ደግሞ በሩሲያ እጅ ገባ።

በመስከረም 2015 ፕሬዚዳንት ፑቲን የቀድሞውን የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤርሉስኮኒን ይዘው ማከማቻውን ጎበኙ። በዚያ ጉብኝት በ1775 የተዘጋጀ የስፔን ሼሪ ጠርሙስ ተከፍቶ ተጠጣ። ከአብዮት፣ ከሁለት የዓለም ጦርነቶችና ከሶቪየት መፍረስ የተረፈ ጠርሙስ ከአንድ የእንግዳ አቀባበል ሳይተርፍ ቀረ። የዩክሬን ዐቃቤ ሕግ ድርጊቱ የአገር ሀብት ማባከን ነው በማለት በማከማቻው ዳይሬክተር ላይ የወንጀል ምርመራ ከፈተ። በ2020 መጨረሻ ደግሞ ማሳንድራ በ5.3 ቢሊዮን ሩብል ለግል ኩባንያ ተሸጠ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ያ ጠርሙስ የማን ነበር? በዛሩ ዘመን መልሱ ግልጽ ነበር፤ የዛሩ ነው። ከ1920 በኋላ «የሕዝብ ነው» ተባለ። ነገር ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የዋሻው ቁልፍ የነበረው በባለሥልጣን እጅ ነው፤ በ2015ም ጠርሙሱን ለመክፈት ሕዝብን የጠየቀ አልነበረም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂላችን ለክራይሚያም ይሠራል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ቋንቋ እናውቀዋለን። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካውን፣ መሬቱንና ትርፍ ቤቱን በሕዝብ ስም ሲወርስ፣ የስም ለውጥ የባለቤትነት ለውጥ መስሎ የታየው ብዙ ነበር። መውረስም ሆነ ወደ ግል ማዛወር በራሱ ፍትሕን አያመጣም ባይ ነኝ። ንብረት የሕዝብ የሚሆነው ሕዝቡ መዝገቡን ማየት፣ ጠባቂውን መጠየቅ፣ ሲጠፋም መክሰስ ሲችል ብቻ ነው።

ወይን ጠጅ በጨለማና በጸጥታ ይበስላል። የሕዝብ ንብረት ግን በጨለማና በጸጥታ ይጠፋል።