ፍሰታዊ ልኬተ ጅረት፦ የካሳቫን ሳያናይድ በኤሌክትሪክ መለካት

ፍሎው አምፔሮሜትሪ በቱቦ ውስጥ ሳያቋርጥ በሚፈስ ፈሳሽ የተያዘን ንጥረ ነገር፣ ኤሌክትሮድ ላይ ሲደርስ በሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ጅረት መጠን የሚለካ የኬሚስትሪ ስልት ሲሆን፣ በአማርኛ «ፍሰታዊ ልኬተ ጅረት» ሊባል ይችላል። ጅረት ለወንዝም ለኤሌክትሪክም ስለሚነገር፣ ፍሰትን ለፈሳሹ፣ ጅረትን ለኤሌክትሪኩ ብቻ መተው ይሻላል።

ስልቱ ለጋሞ ዞን የሚቀርበው በካሳቫ በኩል ነው። ሚታ ቦዬ ተብሎም የሚጠራው ይህ ሥራሥር ተልጦ፣ ተከትፎና ደርቆ ይፈጭና ከጤፍ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ለእንጀራና ለዳቦ ይውላል። በሕዋሶቹ ውስጥ ግን ሳያናይድን የቋጠረ ሊናማሪን የተባለ ውህድ አለ፤ ሥሩ ሲከተፍ እስከዚያ ተለይቶ የቆየው ሊናማሬዝ የተባለ ኢንዛይም ውህዱን ያገኘውና ወደ ግሉኮስና ወደ አሴቶን ሳያኖሃይድሪን ይከፍለዋል፤ ይህም በተራው ፈርሶ መርዛማውን ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይለቃል። መርዙ በ26 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ በአርባ ምንጭ ሙቀት በቀላሉ ይተናል፤ ሆኖም ክትፉ ፈጥኖ ከደረቀ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ እርጥበት ያጣና ሊናማሪኑ በዱቄቱ ውስጥ ይቀራል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለካሳቫ ዱቄት የሚፈቅደው በኪሎ ግራም እስከ 10 ሚሊ ግራም ሃይድሮጅን ሳያናይድ ነው።

ለልኬቱ ከዱቄቱ በተጣራው ፈሳሽ ላይ ሊናማሬዝ ይጨመርና ኢንዛይሙ የቀረውን ሊናማሪን እንዲፈታ ይደረጋል። ከዚያም ጥቂት ጠብታ ፓምፕ በሚገፋው አሲዳማ ፍሰት ውስጥ ይገባል፤ ሃይድሮጅን ሳያናይዱ ጋዝ ብቻ የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ተሻግሮ፣ በማዶ በሚፈሰው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተይዞ ከብር ማዕድን ወደተሠራ ኤሌክትሮድ ይጓዛል። እዚያ አንድ የብር አተም ከሁለት የሳያናይድ አዮኖች ጋር ተጣምሮ ሲሟሟ አንድ ኤሌክትሮን ይለቃል። በመቅረጫው ላይ ጅረቱ ከመነሻ መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ ይመለሳል፤ ከፍታው መጠናቸው ከታወቀ ናሙናዎች ከፍታ ጋር ተነጻጽሮ የሳያናይዱ መጠን ይታወቃል። ሰልፋይድ ውጤቱን ስለሚያዛባ አስቀድሞ መወገድ አለበት።

ናሙናን በፍሰት ውስጥ አስገብቶ መመርመርን እ.ኤ.አ. በ1975 በዴንማርክ ያስተዋወቁት ሩዚችካና ሃንሰን ናቸው። ተነኙ መርዝ በዝግ ቱቦ ውስጥ ስለሚጓዝ ወደ አየር አያመልጥም፤ የኤሌክትሮዱም ፊት በየጊዜው በአዲስ ፈሳሽ ይታጠባል። ሳያናይድ ሲነካው ከቢጫ ወደ ቡናማ ቀይ የሚለወጠው የፒክሬት ወረቀት ርካሽ በመሆኑ ለመንደር ፍተሻ ይበቃል፤ ከ10 ሚሊ ግራሙ ወሰን አጠገብ ያለን ዱቄት ለመለየት ግን በዓይን ከሚነበብ ቀለም ይልቅ ፍሰታዊው ልኬት ይመረጣል።