ከማኅተም እስከ ፊርማ

የማኅበራችንን የአባላት መዝገብ ስንገልጥ ሁለት ዓይነት ምልክት እናያለን። አንዱ የአውራ ጣት አሻራ፣ ሌላው ፊርማ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው።

በአገራችን ቀደም ባለው ዘመን የደብዳቤ ዋነኛ ማረጋገጫ ማኅተም ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስና የዐፄ ምኒልክ ደብዳቤዎች በማኅተም የጸኑ ናቸው። ጽሕፈትም የቁም ጸሐፊዎች ሙያ ነበር። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በመቃ ብዕር እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ ያቆሙት ነበር። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ተቀጣጥሎ የሚጻፍ ባለመሆኑ ፊርማን እያንዳንዱ ሰው በራሱ መላ ፈጠረው። አንዱ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጅራት ያስረዝማል፣ ሌላው ፊደላቱን ያጣምራል፣ ሌላው ከሥሩ ያሰምራል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማ ፋንታ የጣት አሻራውን እንዲያደርግ ፈቅዷል። ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ግን እንዳይታለል፣ ፊርማው በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል።

ብዙ ገበሬ እርሳስ የጨበጠው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረውና በ15 ቋንቋዎች በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በምሠራበት ቀበሌ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ፦ «ከዘመቻው በፊት ማዳበሪያ በዱቤ ወስጄ አውራ ጣቴን አስነከሩኝ። የወሰድኩት አንድ ኩንታል፣ የተጻፈብኝ ሁለት። ጣት አያነብ፣ ልጄ!» ዘመቻው ሲመጣ ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ሀሁ ቆጠሩ። ዛሬ ፊርማቸው ሙሉ ስማቸው ነው። ሳይቸኩሉ ፊደሉን አንድ በአንድ ያቆሙታል። ከዚያ በፊት ግን ኩንታሉንና ብሩን ጮክ ብለው ያነባሉ።

በአሁኑ ጊዜ ወጣቱ በስልክ መጻፍን በመልመዱ የእጅ ጽሑፍ ውበት እየቀነሰ መጥቷል። በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1072 የኤሌክትሮኒክ ፊርማም ሕጋዊ ሆኗል። የፋይዳ መታወቂያም የአሥር ጣት አሻራ ስለሚወስድ የተማረውም ያልተማረውም ጣቱን ይሰጣል። አሻራ የባለቤቱን ማንነት ይናገራል፤ ከበላዩ የተጻፈውን ግን አያነብም።

ስለዚህ ውድ አባላት! በፊርማም ይሁን በጣት፣ የዱቤ ቅጽም ሆነ የምርት መረከቢያ ደረሰኝ ሳናነብ ወይም የምናምነውን ሰው ሳናስነብብ አንፈርም። ይህን ስናደርግ ማኅበራችንንም ራሳችንንም እንጠብቃለን።

መልካም የምሥረታ በዓል!