የዶሮ ቤት ወለል አጭር ታሪክ፦ ኩሱ ይጠረግ ወይስ ይደር?

የዶሮ ቤት ልንሠራ ስንነሳ አብዛኞቻችን የምንጨነቀው ስለ ቆጡ፣ ስለ ሽቦውና ስለ ቆርቆሮው ነው። ወለሉ «ሲሚንቶ ይደረግበት፣ ለመጥረግ ይመቻል» ተብሎ ይታለፋል። ላለፉት መቶ ዓመታት ግን የዶሮ እርባታ ባለሙያዎችን ካከራከሩ ነገሮች አንዱ ይኸው ወለል ነው። ክርክሩ ስለ ንጽህና ይምሰል እንጂ ውስጡ ሌላም ጥያቄ አለ፦ ከወለሉ የሚነሳው ኩስ ማሳው ላይ ማዳበሪያ ሆኖ ይደርሳል ወይስ መንገድ ላይ ያልቃል?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 100 ግራም ገደማ እርጥብ ኩስ ትጥላለች። 100 ዶሮ ያለው ሰው በዓመት 3.6 ቶን ያህል ያገኛል። ናይትሮጅኑን የእርጥቡ ክብደት 1.5 በመቶ ነው ብንል 55 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ ይህ ወደ 120 ኪሎ ዩሪያ ማለት ነው፤ ከሁለት ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ይበልጣል። ችግሩ ናይትሮጅኑ ቁጭ ብሎ አይጠብቀንም። ዶሮ እንደ ከብት ለብቻው ሽንት የላትም፤ ኩሷ ላይ የምናየው ነጭ ነገር በአብዛኛው ዩሪክ አሲድ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ባክቴሪያዎች ይሰባብሩትና አሞኒያ ይሆናል። ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ እንግዲህ በመኖ የገዛነው ናይትሮጅን በመስኮት ሲወጣ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የተለመደው መፍትሔ ከቆጡ ሥር የሚዘረጋ ጣውላ ነበር። ሌሊት የሚወድቀው ኩስ እዚያ ላይ ያርፋል፣ ጠዋት ጠዋት ይፋቃል። ለማዳበሪያ ጥሩ ነው፤ ኩሱ ሳይበሰብስ ተነስቶ ደረቅ ቦታ ይቀመጣላ። ግን በየቀኑ የሚፍቅ ሰው ይፈልጋል። በኋላ ጣውላውን የሚተካ ጉድጓድ መጣ፦ ከቆጡ ሥር በሽቦ የተከለለ ሳጥን፣ ዶሮዎቹ የማይገቡበት፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚጠረግ።

በ1920ዎቹ ነገሩ ተወሳሰበ። ቫይታሚን ዲ ከታወቀ በኋላ የዓሣ ጉበት ዘይት መኖ ላይ እየጨመሩ ዶሮን ዓመቱን ሙሉ ያለ ፀሐይ ቤት ውስጥ ማቆየት ተቻለ። ቤት ውስጥ የተጨናነቀ መንጋ ደግሞ ለኮክሲዲዮሲስ የተመቸ ነው፤ ይህን በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በኩስ ወጥቶ በእርጥብ ጉዝጓዝ ውስጥ ይጎለምሳል። ስለዚህ የባለሙያው ምክር ሁለት ሆነ፦ ወይ ጉዝጓዙን ቶሎ ቶሎ ቀይር፣ ወይ ወለሉን ሽቦ አድርገው። ሽቦው ዶሮዋን ከኩሷ ለያት። ከሥር የሚከመረው ግን ገለባ የሌለበት እርጥብ ክምር ስለሆነ በራሱ ኮምፖስት አይሆንም፤ ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል።

ታሪኩ የተገለበጠው ኦሃዮ ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት የሰው ጉልበት ሲጠፋ ጉዝጓዝ እየዛቁ መቀየር ከባድ ሆነ። በኦሃዮ የግብርና ምርምር ጣቢያ የነበሩት ኬናርድና ቻምበርሊን ሌላ ነገር ሞከሩ፦ አሮጌውን አለማውጣት፣ እላዩ ላይ አዲስ መጨመር፣ እየገለበጡ ኖራ መነስነስ። ከ1946 ጀምሮ ጫጩቶችን ሳይቀር በዚሁ አሮጌ ጉዝጓዝ ላይ አሳደጉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት በ10 ዙር ካሳደጓቸው 18,000 ጫጩቶች 19 በመቶው ሞተው ነበር፤ በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት በ11 ዙር ከ10,000 ጫጩቶች የሞቱት 7 በመቶ ብቻ ሆኑ። ይህ «በፊትና በኋላ» የሚሉት ዓይነት ንጽጽር ስለሆነ ልዩነቱን በሙሉ ለወለሉ መስጠት አይቻልም። ቢሆንም ለዘመኑ ባለሙያ ድንጋጤ ነበር። ሲጠረግ የኖረው ቆሻሻ ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ! በ1948 ቫይታሚን ቢ12 ተለይቶ ሲወጣ ደግሞ አንዱ ምክንያት ግልጽ ሆነ፤ በጉዝጓዙ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሠሩታል፣ ዶሮዎቹም እየጫሩ ይለቅሙታል።

በምህንድስና ዓይን ካየነው ይህ ወለል ማሽን ነው። ገለባው ካርቦን ያቀርባል፣ ኩሱ ናይትሮጅን፣ መገልበጡን ዶሮዋ ራሷ በእግሯ ትሠራዋለች። ግን «ወለሉ ላይ ኮምፖስት ተሠራ» ሲባል ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለዶሮዋ ጤና ጉዝጓዙ እርጥበቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ ኮምፖስት በደንብ እንዲግል ግን 50 በመቶ ገደማ ይፈልጋል። አንዱ ወለል ሁለቱንም ሊሆን አይችልም። ኖራውም ሁለት ስለት አለው፦ ጉዝጓዙ እንዳይጋገር ያደርጋል፣ ግን አሲድነቱን ስለሚቀንስ አሞኒያውን ወደ አየር ይገፋዋል። ያኔም ቢሆን አሲድነት ያለውን ሱፐርፎስፌት የሚነሰንሱ ነበሩ። በ1990ዎቹ አርካንሶ ውስጥ አልም የተባለውን ጨው መነስነስ የተጀመረውም በዚሁ አሲድ አሞኒያን ይይዛል በሚል ሐሳብ ነው። ኖራ ለዶሮዋ፣ አሲድ ለማሳው ልንል እንችላለን።

ከጦርነቱ በኋላ ትልልቅ እርባታዎች ወደ ኬጅ ሄዱ። የአውሮፓ ኅብረት የተለመደውን ባዶ ኬጅ ከ2012 ጀምሮ ሲከለክል ጉዝጓዝ ተመልሶ መጣ፤ በብዙ ቤቶች ግን ኩሱን ሳይበሰብስ ከሚያወጣ ቀበቶ ጋር። በሌላ አነጋገር የድሮው ጣውላ ሞተር ተገጠመለት።

እኛ ዘንድ በ1950ዎቹ ከኦክላሆማ ጋር በተደረገ ትብብር የተቋቋመው የዓለማያ ኮሌጅ (የዛሬው ሐረማያ) እንደ ነጭ ሌግሆርን ያሉ የውጭ ዝርያዎችን ካስተዋወቁ ተቋማት አንዱ ነበር። ዛሬ በእርባታ መመሪያዎቻችን ላይ «ጥልቅ ጉዝጓዝ» የሚለው ዘዴ የተለመደ ነው። ያልተለመደው ዋጋው ነው። የኦሃዮ ገበሬ ገለባው ትርፍ ነበር፤ የጤፍ ገለባ ግን ለከብት መኖ ነው፣ ለቤት ጭቃ ማቡኪያ ነው። ለማዳበሪያ ብሎ የከብቱን መኖ ዶሮ ሥር ማንጠፍ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች መሆኑ ነው። ጅማና ሲዳማ ላይ የቡና ገለባ፣ ከተማ ውስጥ ሰጋቱራ ይሻላል። ሰጋቱራ ካርቦኑ እጅግ ብዙ፣ ናይትሮጅኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሲበሰብስ ቀርፋፋ ነው፤ ቢያንስ ግን አሞኒያውን ይዞ ይቆያል።

ስለዚህ አሁን አንድ ትንሽ ቤት ብነድፍ ወለሉን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ከቆጡ ሥር በሽቦ የተከለለ፣ ከውጭ በኩል የሚከፈት ሳጥን፤ የውኃ መጠጫውም እዚያው ላይ፣ የሚፈሰው ውኃ ጉዝጓዙን እንዳያበሰብስ። የቀረው ወለል ከውጭው መሬት ከፍ ያለ የተጠቀጠቀ አፈር፣ እላዩ ላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ጉዝጓዝ። ደፉ ላይ ጉዝጓዙን የሚገድቡ ተነቃይ ጣውላዎች። ከሳጥኑና ከወለሉ የወጣው ውጭ ተደባልቆ፣ ውኃ ተጨምሮበት፣ ተሸፍኖ ይብላላል። በሩ ደግሞ ካሪዮላ የሚያስገባ ይሁን፤ ይህን ረስተው የሠሩት ሰዎች ኩሱን በባልዲ ሲያመላልሱ ይከርማሉ።